በዊንዶውስ ሆም እትም የላቁ የአስተዳደር ቅንብሮችን ስለ መጠቀም

ዓላማ

በመኖሪያ ቤት፣ በአነስተኛ የንግድ ተቋማትና በትምህርት ቤቶች አገልግሎት የሚሰጡ በርካታ ኮምፒዩተሮች የዊንዶውስ ሥርዓተ ክወና ሆም እትም የተጫነባቸው ናቸው። የኮምፒዩተሩ ባለቤት የይለፍ ቃል ደንብን ለማጥበቅ፣ ከፍላሽ የሚመጣን ጉዳት ለመቀነስ ወይም ሌሎች ተጠቃሚዎች ቅንብር እንዳይለውጡ ለመከልከል ሲፈልግ፣ የሚያገኛቸው ማብራሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር የተባለውን መሣሪያ እንዲከፍት ያዙታል። መሣሪያው ግን በሆም እትም ላይ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ከኢንተርኔት ያገኙትን፣ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲሠራ ያደርጋሉ። ጥበቃን ለማጠናከር የተጀመረው ሥራ በዚሁ እርምጃ ኮምፒዩተሩን ለከፋ አደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ ወደ ሆም እትም ለማስገባት የሚደረገው ሙከራ ምን ውጤትና ስጋት እንዳለው፣ እንዲሁም ተፈላጊው ጥበቃ ያለ መሣሪያው እንዴት እንደሚገኝ ያብራራል። ማብራሪያው ዊንዶውስ 10ን እና ዊንዶውስ 11ን ይመለከታል። በማያ ገጹ ላይ በእንግሊዝኛ የሚታዩ የምናሌና የትእዛዝ ስሞች እዚህ በአማርኛ ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፋሉ።

ግሩፕ ፖሊሲ ምንድን ነው?

ግሩፕ ፖሊሲ ከዊንዶውስ 2000 ጋር የተዋወቀ የአስተዳደር ሥርዓት ነው። ዋና ዓላማው በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ከአንድ ማዕከል በወጥ መመሪያ ማስተዳደር ነው። ከማዕከል ጋር ያልተገናኘ ኮምፒዩተርም የራሱ የሆነ መመሪያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ይህንኑ ለማዘጋጀት የሚያገለግለው መሣሪያ ሎካል ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር ይባላል።

ኤዲተሩ መመሪያዎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል በኮምፒዩተሩ ላይ በአጠቃላይ የሚሠሩትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ተጠቃሚዎችን የሚመለከቱትን ይይዛል። እያንዳንዱ መመሪያ ሦስት ሁኔታዎች አሉት፦ ያልተወሰነ፣ የበራ እና የጠፋ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመመሪያው ስም «ከልክል» በሚል ቃል የሚጀምር ከሆነ መመሪያውን ማብራት ማለት አገልግሎቱን መከልከል ማለት ነው። ስለዚህ የመመሪያውን ማብራሪያ ሳያነቡ መወሰን ከታሰበው ተቃራኒ ውጤት ሊያስከትል ይችላል።

ከእነዚህ መመሪያዎች አብዛኞቹ በመጨረሻ የሚያርፉት ሬጂስትሪ በተባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ፣ ፖሊሲስ በሚል ስም በተለዩ ክፍሎች ነው። ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች እነዚህን ክፍሎች አንብበው ይታዘዛሉ፤ ተራ ተጠቃሚ ግን ሊጽፍባቸው አይችልም። ከዚህ የምንረዳው ኤዲተሩ መመሪያ የሚጻፍበት መስኮት መሆኑን ነው። መስኮቱ በሆም እትም ባይኖርም፣ መዝገቡና መዝገቡን የሚያነቡት የዊንዶውስ ክፍሎች አሉ።

የእትሞች ልዩነት

ማይክሮሶፍት ሆም የተባለውን እትም ለግል ተጠቃሚ፣ ፕሮ የተባለውን ለባለሙያና ለድርጅት፣ ኢንተርፕራይዝ እና ኤጁኬሽን የተባሉትን ደግሞ ለትላልቅ ተቋማትና ለትምህርት ዘርፍ ያዘጋጃል። በሆም እትም ከግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር በተጨማሪ ከመሥሪያ ቤት ዶሜይን ጋር መቀላቀል፣ ኮምፒዩተሩን በሪሞት ዴስክቶፕ ከርቀት መቆጣጠር፣ ሃይፐር-ቪ እና የተሟላው የቢትሎከር ምስጠራ አስተዳደር አይገኙም።

የኮምፒዩተርዎን እትም ለማወቅ የዊንዶውስ ቁልፍንና አር የተባለውን ፊደል በአንድነት ይጫኑ። በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር የሚሉትን ፊደላት አያይዘው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። የእትሙ ስምና የስሪት ቁጥሩ በትንሽ መስኮት ይታያሉ።

ኤዲተሩን ወደ ሆም እትም የማስገባት ሙከራ

በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ የሚከተለው ነው። የግሩፕ ፖሊሲ ጥቅሎች በሆም እትም የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሰርቪሲንግ ከተባለው ንዑስ ፎልደር ሥር ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። በኢንተርኔት የሚሰራጩት አጫጭር የትእዛዝ ፋይሎች እነዚህን ጥቅሎች ፈልገው ዲአይኤስኤም በተባለው የዊንዶውስ የጥገና መሣሪያ ይጭኗቸዋል። ሥራው ሲሳካ ኤዲተሩ ይከፈታል፤ የመመሪያዎቹም ዝርዝር ይታያል።

ይሁን እንጂ የኤዲተሩ መከፈት መመሪያዎቹ ሁሉ ይሠራሉ ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ሦስት ነጥቦችን ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ አንዳንድ የዊንዶውስ ክፍሎች መመሪያውን ከመታዘዛቸው በፊት የኮምፒዩተሩን እትም ይመለከታሉ። ለምሳሌ ዐቢይ የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ለወራት የሚያዘገየው መመሪያ በሆም እትም ተግባራዊ አይሆንም። የዊንዶውስ የመተግበሪያ መደብርን የሚዘጋውን መመሪያ ደግሞ የፕሮ እትም እንኳ አይታዘዘውም።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ተለይተው የሚዘጋጁ የአካባቢ መመሪያዎች በሆም እትም ተፈጻሚ አይሆኑም። ወላጅ ለልጁ መለያ ብቻ፣ ነጋዴም ለሠራተኛው መለያ ብቻ መመሪያ ያወጣ መስሎት ሊዘናጋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ተፈጻሚ የሚሆኑት መመሪያዎችም ኮምፒዩተሩ እንደገና እስኪነሣ ወይም ተጠቃሚው ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ላይታዩ ይችላሉ።

ዋናው ስጋት ግን ከፋይሉ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የተሰጠው የትእዛዝ ፋይል የጸረ-ቫይረስ ጥበቃን ማጥፋት፣ አዲስ መለያ መፍጠርና ሌላ ፕሮግራም በስውር መጫን ይችላል። ጸረ-ቫይረስን አስቀድሞ እንዲያጠፉ የሚጠይቅ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ የሚመጣ ወይም ይዘቱ ሊነበብ የማይችል ፋይል በምንም ምክንያት ሊሠራበት አይገባም። በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ኤዲተሩን በሆም እትም ላይ ስለማይደግፍ፣ ብልሽት ቢፈጠር ባለቤቱ ከአምራቹ እርዳታ የሚጠይቅበት መሠረት አይኖረውም።

ያለ ኤዲተሩ ጥበቃን ማጠናከር

የሚከተሉት አራት መንገዶች በሆም እትም ላይ ይሠራሉ። ቅደም ተከተላቸው ከቀላሉና አደጋ ከሌለው ወደ ከበደው ነው፤ ቀላሉ መንገድ ሲበቃ ወደ ቀጣዩ መሄድ አያስፈልግም።

1. መለያዎችን መለየት። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አንድ የአስተዳዳሪ መለያ ለባለቤቱ ብቻ ይኑር፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ባለቤቱም ጭምር ተራ መለያ ይጠቀም። ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ አካውንትስ ከሚለው ምናሌ አዲስ መለያ ሲፈጠር ዓይነቱ «ስታንዳርድ» መሆኑን ያረጋግጡ። ተራ መለያ የያዘ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ በአጠቃላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሊጭን፣ የሥርዓቱን ቅንብርም ሊለውጥ ሲሞክር የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ብዙዎች ከግሩፕ ፖሊሲ የሚጠብቁት ጥበቃ በአብዛኛው በዚህ አንድ እርምጃ ይገኛል። ለሕፃናት የማይክሮሶፍት የቤተሰብ አገልግሎት የአጠቃቀም ሰዓትንና መተግበሪያዎችን ለመገደብ ያስችላል፤ ይህም በሆም እትም ላይ ይሠራል።

2. በሴቲንግስ ውስጥ ያሉትን አማራጮች መጠቀም። የዊንዶውስ ማሻሻያን እስከ አምስት ሳምንት ለጊዜው ማቆም፣ ኮምፒዩተሩ በሥራ ሰዓት በራሱ እንዳይነሣ በቀን እስከ 18 ሰዓት የሚደርስ የሥራ ጊዜ መወሰን ይቻላል። የኢንተርኔት አገልግሎትን በፓኬጅ የሚገዛ ተጠቃሚ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብሎ በመሰየም ከበስተጀርባ የሚወርደውን መረጃ መቀነስ ይችላል። ሆኖም የደኅንነት ማሻሻያዎችን ለረጅም ጊዜ ማቆም አይመከርም።

3. የይለፍ ቃል ደንብን በትእዛዝ መወሰን። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍተው «ኔት አካውንትስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲጽፉ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ይዘረዘራል። ዝቅተኛው የይለፍ ቃል ርዝመት 10 እንዲሆን ከሁለቱ ቃላት በኋላ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመር፣ ኤም፣ አይ፣ ኤን፣ ፒ፣ ደብሊው፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤን የሚሉትን ፊደላት፣ የእንግሊዝኛውን ኮለን ምልክትና 10 ቁጥርን ያለ ክፍት ቦታ አያይዘው ይጻፉ። ደንቡ የሚመለከተው በኮምፒዩተሩ ላይ የተፈጠሩ መለያዎችን እንጂ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መለያዎችን አይደለም። የይለፍ ቃልን በየጊዜው እንዲለወጥ ማስገደድን ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከደኅንነት ምክረ ሐሳቡ ያወጣው በመሆኑ፣ ከተደጋጋሚ ለውጥ ይልቅ ርዝመትን ማስቀደም ይመረጣል።

4. ሬጂስትሪን ማስተካከል። ይህ መንገድ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር የሚጽፈውን በእጅ መጻፍ ነው። ኃይለኛ በመሆኑ ስሕተት ቢፈጠር ኮምፒዩተሩ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሪስቶር ፖይንት የተባለውን የመመለሻ ነጥብ መፍጠር፣ የሚለወጠውንም ክፍል ኤክስፖርት በሚለው ትእዛዝ በፋይል ማስቀመጥ ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ምሳሌ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር

በእንዲህ ዓይነቱ ቤት በቀን ውስጥ የብዙ ደንበኞች ፍላሽ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ፎልደርን ወደ ሾርትካት የሚለውጡ ቫይረሶች ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ደንበኞች የሚያቀርቧቸው የመታወቂያ ቅጂዎች፣ የትምህርት ማስረጃዎችና ማመልከቻዎችም በዚያው ኮምፒዩተር ያልፋሉ። ባለቤቱ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፈተውን ኦቶፕሌይ ለሁሉም ተጠቃሚዎች መዝጋት ቢፈልግ በሆም እትም ላይ እንደሚከተለው ይፈጽማል፦

ሀ. በአስተዳዳሪ መለያ ገብቶ የመመለሻ ነጥብ ይፈጥራል።

ለ. ሬጂስትሪ ኤዲተርን ከፍቶ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ኤችኬይ ሎካል ማሺን፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንትቨርዥን፣ ፖሊሲስ፣ ኤክስፕሎረር ወደሚለው ክፍል በቅደም ተከተል ይደርሳል። ኤክስፕሎረር የተባለው ክፍል ከሌለ በፖሊሲስ ሥር ይፈጥረዋል።

ሐ. ክፍሉን ኤክስፖርት አድርጎ ያስቀምጣል።

መ. ዲወርድ የተባለ ዓይነት ያለው አዲስ መግቢያ ፈጥሮ «ኖድራይቭታይፕኦቶራን» ብሎ ይሰይመዋል። አምስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍት ቦታ ይያያዛሉ።

ሠ. የቁጥር አጻጻፉን ዴሲማል አድርጎ 255 ይጽፋል፤ ይህ ቁጥር ሁሉንም የማከማቻ ዓይነቶች ይመለከታል። ከዚያም ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሣል።

ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ የተፈጠረውን መግቢያ መሰረዝ ይበቃል። ይህ እርምጃ ፍላሹ ሲሰካ በራሱ የሚመጣውን ነገር ያስቆማል፤ ሠራተኛው በእጁ ከፍቶ የሚነካውን ቫይረስ ያለበት ፋይል ግን አያስቆምም። ስለዚህ ሠራተኛው በተራ መለያ እንዲሠራ ማድረግ፣ ጸረ-ቫይረሱን ማደስ፣ ፍላሹን ከመክፈት በፊት መፈተሽና የደንበኞችን ሰነድ ሥራው እንዳለቀ መሰረዝ አብረው ሊፈጸሙ ይገባል።

ወደ ፕሮ እትም ማሻሻል መቼ ያስፈልጋል?

ከአንድ ወይም ከሁለት ኮምፒዩተር በላይ የሚያስተዳድር፣ ለተለያዩ ተጠቃሚዎች የተለያየ መመሪያ ማውጣት የሚፈልግ፣ ወይም ኮምፒዩተሮቹን ከዶሜይን ጋር ማገናኘት ያለበት ተቋም የፕሮ እትምን ቢጠቀም ይሻለዋል። ማሻሻያው በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ አክቲቬሽን ከሚለው ገጽ በሕጋዊ ፈቃድ ይከናወናል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ገጹ የሚገኘው አፕዴት እና ሴኪዩሪቲ በሚለው ሥር ነው። ፋይሎችና ፕሮግራሞች ባሉበት ይቆያሉ፤ ቢሆንም አስቀድሞ የፋይሎችን ቅጂ መያዝ ተገቢ ነው። በማይታመን ዋጋ የሚቸበቸቡ ቁልፎችንና ፈቃድን የሚያልፉ ፕሮግራሞችን መጠቀም ግን ከላይ የተገለጸውን የደኅንነት ስጋት በሌላ መልክ ያስከትላል። ተቋማት አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዙ የሚያስፈልጋቸውን እትም በግዥ ዝርዝሩ ላይ ቢያመለክቱ ይህ ሁሉ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይቀራል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች

የተገለጹት ሥራዎች የሚፈጸሙት በራስ ንብረት ወይም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር መመሪያዎች የሚወሰኑት በተቋሙ የቴክኖሎጂ ክፍል ሲሆን፣ የሌላን ሰው ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ መድረስ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒዩተር ላይ የሚወጣ መመሪያ ሁሉ ያልተደፈኑ ክፍተቶችን ሊሸፍን እንደማይችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ የሆም እትም ተጠቃሚ ከኤዲተሩ በፊት ራሱን የሚጠይቀው «የምከላከለው ምንን ነው?» የሚለውን ነው። መልሱ በተራ መለያ፣ በሴቲንግስ ወይም በአንድ የተመዘገበ ለውጥ የሚገኝ ከሆነ፣ ለማይታወቅ ፋይል የአስተዳዳሪ ሥልጣን መስጠት አያስፈልግም። መልሱ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው መፍትሔ ሕጋዊ የፕሮ እትም ነው።