«ፊሸር» እና «ሎንጊቱዲናል»፦ በውጤት ወረቀትዎ ላይ ሲያገኟቸው ምን ማለት ናቸው?

አሰላ ላይ ሐኪሙ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ያነጋግርዎታል፤ ከራጅ፣ ከአልትራሳውንድ ወይም ከሲቲ ስካን ክፍል ይዘውት የሚወጡት ወረቀት ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ሲደርሱ ልጅዎ በስልኩ ፈልጎ «ፊሸር ማለት ስንጥቅ ነው» ካለዎት፣ አንጎልዎ ወይም ሳንባዎ የተሰነጠቀ ሊመስልዎት ይችላል። ከመደንገጥዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ፊሸር ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ በእርግጥም ስንጥቅ ማለት ነው። ሐኪሞች ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ። አንደኛው ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይዞት የሚወለደው የተፈጥሮ መለያ ነው። ሁለተኛው ቁስል ነው።

የተፈጥሮ ስንጥቆች

አንጎል ግራና ቀኝ ሁለት ንፍቆች አሉት። ከፊት ወደ ኋላ በቁመት የሚለያቸው ጥልቅ ስንጥቅ ቁመታዊ ፊሸር ይባላል፤ የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ አለ። በሲቲ ስካን ወረቀት ላይ ስሙ መጠቀሱ በሽታ አለ ማለት አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች አንጎል ትንሽ ስለሚቀንስ ስንጥቆቹ ሰፋ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ዘመድዎ ጭንቅላቱን ተመቶ ከሆነ ግን ሐኪሙን «የአንጎሉ መሃል መስመር ወደ ጎን ተገፍቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ደም ወይም እብጠት እየገፋው መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

የቀኝ ሳንባ በሁለት ፊሸሮች በሦስት ክፍል፣ የግራው ደግሞ በአንድ ፊሸር በሁለት ክፍል ይከፈላል። የራጅ ሐኪሙ ፊሸሩ ከቦታው ተስቧል ወይም ወፍሯል፣ አለዚያም ውሃ ይዟል ብሎ ከጻፈ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ፣ የሳንባ ምች ወይም የልብ ድካም ሊሆን ይችላል።

ቁስል የሆነው ፊሸር

ብዙ ሰው የሚሠቃየው በዚህኛው ነው፤ አፍሮም ይደብቀዋል። የፊንጢጣ ፊሸር በፊንጢጣ መውጫ ላይ በቁመት የሚፈጠር ትንሽ ቁስል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሃል ለመሃል በኋላ በኩል ነው። ሲጸዳዱ እንደ ስለት ይቆርጣል፤ ከዚያም ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ያቃጥላል። ወረቀት ላይ ደማቅ ቀይ ደም ይታያል። የሚጀምረው በአብዛኛው ደረቅ ዓይነ ምድር በማማጥ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ወይም ከረዥም ተቅማጥ በኋላም ይመጣል። ሕመሙን የፈራ ሰው መጸዳዳቱን ያዘገያል፤ ሰገራው ይበልጥ ይደርቃል፤ ቁስሉም እንደገና ይቀደዳል። ትንንሽ ልጆች ሽንት ቤት አልሄድም ብለው ሲያለቅሱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአገራችን የፊንጢጣ ሕመም ሁሉ «ኪንታሮት» ይባላል። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይደማል። ፊሸር ግን ዋና ምልክቱ ሕመም ነው። ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ፊሸር ጫፉ ላይ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስለሚያበቅል ሰው «ኪንታሮቴ ወጣ» ይላል። ይህን በሚያቃጥል ቅጠል ወይም ዱቄት «እነቅልልሃለሁ» ለሚልዎት ሰው እሺ አይበሉ። ቃጠሎው መውጫውን ሊያጠብ ወይም ሰገራ የሚይዘውን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ያንን ማከም ፊሸሩን ከማከም እጅግ ይከብዳል።

አዲስ ፊሸር አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ሰገራን ማለስለስ ከሁሉም ይቀድማል። የአርሲ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ገብሱ ደጁ ነው። ከነጭ ፉርኖ ዳቦ ይልቅ ከነገለባው የተፈጨ የገብስ ወይም የስንዴ ዳቦ፣ ቅንጬና ጎመን ይብሉ፤ ተልባም ይጠጡ። ነገር ግን ውሃ ካልጨመሩ ገለባው ራሱ ያደርቅዎታል፤ በደጋው ብርድ ደግሞ ውሃ መጠጣት ይረሳል። በርበሬ ፊሸር አያመጣም፤ ቁስሉን ግን ሊለበልብ ስለሚችል እስኪድን ቢቀንሱት ይሻላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከተጸዳዱ በኋላ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ በሳፋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። ጨውም ቅጠልም አያስፈልግም።

ካልተሻለዎት ሐኪሙ የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያላላ፣ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ዲልቲያዜም ያለበት ቅባት ሊያዝዝ ይችላል። የመጀመሪያው ራስ ምታት ያመጣል፤ ከቪያግራ ጋር ፈጽሞ አይወሰድም። በዚህም ያልዳነ ፊሸር ከጡንቻው ጥቂቱን በመቁረጥ ይታከማል። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ይሳካል፤ ፈስን ወይም ሰገራን መቆጣጠር የማቃት ትንሽ ዕድል ስላለው ግን አስቀድመው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት።

ደሙ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳትና እብጠት ካለ ወይም ቁስሉ ከመሃል ወጥቶ በጎን በኩል ከሆነ ሳይዘገዩ ይመርመሩ። በጎን የወጣ ፊሸር ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ ወይም ካንሰር ከኋላው ሊኖር ይችላል።

የተረከዝ መሰንጠቅም በሕክምና ፊሸር ነው። በደረቁ ብርድ በባዶ እግር ለሚውል ገበሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ባክቴሪያ የሚገባው በዚያ ነው። ማታ እግርዎን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው ቫዝሊን ይቀቡ፤ ጫማ ያድርጉ። የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ ወይም እግርዎ እያበጠ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

«ሎንጊቱዲናል»

በቁመት ማለት ነው፤ ተቃራኒው «ትራንስቨርስ» በአግድም ነው። ይህን ቃል በደንብ ማወቅ ያለባት ነፍሰ ጡር ናት። አልትራሳውንዱ ሕፃኑ ሎንጊቱዲናል ነው ካለ በማህፀን ውስጥ በቁመት ተኝቷል፤ ደግ ነው። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ወይስ መቀመጫው ወደታች እንደሆነ ይጠይቁ። ትራንስቨርስ ካለ፣ በስድስተኛ ወር ብዙም አያሳስብም፤ ብዙዎቹ ይዞራሉ። በዘጠነኛው ወር እንደዚያው ከሆነ ግን በአግድም ያለ ሕፃን በምጥ አይወለድም። ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ምጥ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥ ሆስፒታል አጠገብ፣ በእናቶች ማቆያ ወይም በዘመድ ቤት ይቆዩ። ውሃው ከፈሰሰ፣ ምጥ ባይኖርም፣ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ስለሚችል በዚያው ሰዓት አምቡላንስ ይጥሩ።