ከጋፋት እስከ ጋራዥ፦ ጊዛና አልሙኒየም ሲነጻጸሩ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ጋፋት በአገራችን የብረታ ብረት ሥራ ታሪክ ልዩ ሥፍራ አላት። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ያሰፈሩት፣ «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍም ያሠሩት እዚያ ነው። ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን የሚገመተው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል።

መድፉ የነሐስ ነው። ከሙያው አንጻር ሲታይ ነሐስ ሁለት ብልጫ ነበረው። አንደኛ፣ የሚቀልጠው በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በጋራዦቻችን «ጊዛ» የሚባለው ፍስስ ብረት ግን ከ1,150 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ የምትል በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ወናፉ በእያንዳንዱ ግፊት የሚያቀብለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ነሐስ ከመፈንዳቱ በፊት ሊያብጥ ይችላል፤ ጊዛ ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። አልሙኒየምን በርካሽ ማምረት የተቻለው ደግሞ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተገኘው ዘዴ ወዲህ ስለሆነ ያን ጊዜ አማራጭ አልነበረም።

ዛሬ በየወፍጮ ቤቱና በየጋራዡ ጎን ለጎን የምናያቸው ጊዛና አልሙኒየም ናቸው። ለመሆኑ የትኛው ይሻላል?

ጊዛ

ጊዛ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። በተለመደው ግራጫ ጊዛ ውስጥ አብዛኛው ካርቦን እንደ እርሳስ ልብ ባለ ስስ ንጣፍ (ግራፋይት) መልክ ተበትኖ ይገኛል። ይህ ንጣፍ ንዝረትን ይውጣል፣ ሰበቃንም ይቀንሳል። የቶርኖ አካልና የከባድ መኪና ሞተር ብሎክ ከጊዛ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሌላ በኩል ይኸው ንጣፍ ለስንጥቅ በር ይከፍታል። በመሆኑም ጊዛ ሲጫኑት የሚችለው ሲስቡት ከሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በመዶሻ ቢመቱት ግን ይሰበራል። ብየዳውም ቢሆን አስቀድሞ ማሞቅንና ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝን ይጠይቃል።

አልሙኒየም

ለፍስስ ሥራ የሚውለው አልሙኒየም አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊከን ጋር የተቀየጠ ነው። አንድ ሊትር ጊዛ 7.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ አልሙኒየም 2.7 ብቻ ይመዝናል። ሙቀትን ከጊዛ ሁለትና ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ፊቱን የሚሸፍነው ስስ ኦክሳይድም ከዝገት ይጠብቀዋል። ድክመቱ ሙቀት ሲበዛበት ይታያል። ከ200 ዲግሪ በላይ ጥንካሬው በፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲሞቅ የሚለጠጠውም የጊዛን ሁለት እጥፍ ያህል ነው።

በተራራው መንገድ ላይ

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ነው። የከፍታው ልዩነት 900 ሜትር ያህል ነው። አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይህን ሲወርድ ወደ 88 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቀቃል። ይህ 300 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ፣ ጎማውና ነፋሱ ያልያዙት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። የፍሬን ታምቡር ከጊዛ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ አልሙኒየም ብቻውን ቢሆን ይለሰልስ ነበር። ጊዛውም ቢሆን ወሰን አለው። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው።

ዳገቱ ደግሞ አልሙኒየሙን ይፈትነዋል። በደብረ ታቦር ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ይፈላና ያልቃል፤ ሞተሩም ይግላል። ብሎኩ ጊዛ፣ ቴስታው አልሙኒየም በሆነበት ሞተር ሁለቱ እኩል ስለማይለጠጡ ቴስታው ሊጣመም፣ መካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮንም ሊበላሽ ይችላል። የርካሽ ክዳን ጉድለት ሞተር እስከማስወረድ የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ቢሄድ አይከፋም፤ ጊዛን ይስባል፣ አልሙኒየምን አይስብም። ይሁንና ከስሙ ይልቅ የሚጠብቀውን ሥራ ማወቅ ይቀድማል። ለክብደት መቀነስና ለማቀዝቀዝ አልሙኒየም፣ ለግለት፣ ለሰበቃና ለንዝረት ጊዛ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን ዕቃው ቢበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ ይጣመማል፣ ሌላው ይሰነጠቃል፤ በቁልቁለት ላይ ላለ አሽከርካሪ ደግሞ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።