ፓሪስን ባዶ ያደረገው ፎቶ

እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ቡሌቫርድ ዱ ታምፕል የተባለውን የፓሪስ ጎዳና ከፎቅ ላይ ሆኖ ፎቶ አነሣው። ጎዳናው በሰረገላና በእግረኛ የተጨናነቀ ነበር። ፎቶው ላይ ቤቶቹና ዛፎቹ ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ሕዝቡ ግን የለም። ተለይቶ የሚታየው ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ አንድ ሰው ነው። ሊስትሮው እጁ ሥራ ላይ ስለነበር እንደ ጥላ ደብዝዟል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያኔ አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የቆመው ቀረ፣ የተንቀሳቀሰው ጠፋ። በ1839 ፎቶውን ያየው የቴሌግራፉ ሳሙኤል ሞርስ እንኳ ወደ አገሩ በላከው ደብዳቤ፣ የሰውዬው እግር በደንብ ሲወጣ ከወገቡ በላይ ያለው በመንቀሳቀሱ እንዳልወጣ ጽፏል።

ከዚያ ወዲህ የፎቶ ጥራት ታሪክ ከጊዜ ጋር የተደረገ ትግል ነው። በ1932 አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ኤፍ 64 የተባለ ቡድን ይዘው ብቅ አሉ። ስሙ የሌንስን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያመለክታል። ቀዳዳው ሲጠብ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ ግን ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። ተራራ ይጠብቃል። ጦርነት አይጠብቅም። ሮበርት ካፓ ሰኔ 6 ቀን 1944 ኦማሃ ዳርቻ ላይ ያነሣቸው ፎቶዎች ብዥ ያሉ ናቸው፤ ላይፍ መጽሔት ግን አትሟቸዋል።

ዛሬ ዲኤስኤልአር የያዘ ሰው ፎቶው ብዥ ሲልበት ውድ ካሜራ መግዛት ያምረዋል። ሕጉ ግን ያው የዳጌር ሕግ ነው። በ200 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ የምታነሡ ከሆነ ሹተሩ ከ1/200 ሰከንድ አይዘግይ፤ ለሚሮጥ ሰው 1/500 ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፤ ነጠብጣብ የበዛበት ፊት ይለያል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አይለይም። ፎከሱን ዐይን ላይ አሳርፉ። ቀዳዳውንም እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ ብርሃኑን በትኖ ጥራት ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲኖር ኤፍ 8 አካባቢ ይሻላል።

ይህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰልፍ፣ የፈረሰ ቤት ወይም የተጎዳ ሰው ፎቶ ነገ ማስረጃ ነው። ፊቱ ካልተለየ፣ ሰሌዳው ካልተነበበ፣ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ለሚል በር ይከፍታል። ካፓን ስሙና መጽሔቱ ቆመውለታል። ስሙን ማንም ለማያውቀው ሰው ግን ምስክሩ ፎቶው ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት የፓሪስ ሕዝብ ከታሪክ የጠፋው ስላልነበረ ሳይሆን ካሜራው ስለዘገየ ነው። ዛሬ ካሜራው ፈጥኗል። በእኛ ዘመን የሚጠፋ ፊት ካለ የሚጠየቀው ያነሣው ሰው ነው።