የመስመር መርከብና የሽርሽር መርከብ

በሀቢቾና በሆሳዕና አካባቢ የምንማር ልጆች ባሕርን የምናውቀው በካርታ ላይ ነው። ከመካከላችን ሰፊ ውሃ ያየ ቢኖር የቦዮን ሐይቅ ወይም የጊቤን ወንዝ ያየ ነው። ነገር ግን የአገራችን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ በመርከብ ተጉዟልና፣ ስለ መርከብ ማወቅ ለእኛም የሚገባ ነው። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ የሚያያቸውን ሁለት ዓይነት መርከቦች ለይተን ለማስረዳት ወደድን።

ልዩነቱን ለመረዳት ወደ መናኸሪያ መሄድ ይበቃል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ የሚሠራ አውቶቡስ መስመር አለው፤ ነጋዴውን፣ በሽተኛውን፣ ተማሪውን ጭኖ ካሰቡበት ያደርሳል። ለሽርሽር በኮንትራት የተያዘ መኪና ግን ሰዎቹን አዙሮ አሳይቶ ወደ ተነሡበት ይመልሳል። የመርከቡም ነገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ላይነር የሚባለው መርከብ ስሙን ያገኘው ላይን፣ ማለት መስመር ከሚለው ቃል ነው። ክሩዝ የሚባለው ግን የሽርሽር መርከብ ነው።

ሥራቸው ስለ ተለያየ አሠራራቸውም ተለየ። የመስመር መርከብ በክረምት ማዕበል መካከል የአትላንቲክን ውቅያኖስ በቀኑ ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ አካሉ ረጅምና ጠንካራ፣ ፊቱ ማዕበል የሚሰነጥቅ ሹል፣ ሞተሩም ኃይለኛ ሆኖ ይሠራል። የሽርሽር መርከብ ግን ማዕበል ሲመጣ መንገዱን ለውጦ ሊሸሽ ይችላል። ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቦታውንና ወጪውን ለመኝታ ክፍል፣ ለመዋኛና ለመጫወቻ ያውለዋል።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ጠላት ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ተነሥተው ወደ ሃይፋ ሄዱ። ከዚያም በሌላ የጦር መርከብ እስከ ጂብራልታር ተጓዙ። ከጂብራልታር በኋላ ግን የጦር መርከብ አልነበረም፤ ኦርፎርድ በተባለች የመስመር መርከብ ተሳፍረው ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን ደረሱ። ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። ኦርፎርድ በእንግሊዝና በአውስትራልያ መካከል የምትመላለስ መርከብ ነበረች። የመስመር መርከብ ነጋዴንም ስደተኛ ንጉሥንም በአንድነት የሚያደርስ የዓለም ጎዳና እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ምስክር ከነጻነት በኋላ የሆነው ነው። በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱሊዮ የተባሉ አራት የኢጣልያ የመስመር መርከቦች ነጭ ቀለም ተቀብተው መጡ። በምሥራቅ አፍሪካ የቀሩትን ከ25,000 በላይ የኢጣልያ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ሕሙማን አሳፍረው አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው ወደ አገራቸው መለሱ። ጦርነት በነደደበት ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ በእንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ማድረስ የተቻለው መርከቦቹ ለሩቅ ባሕር የተሠሩ ስለ ነበሩ ነው።

በግንቦት 1946 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን ሲጎበኙ ኒው ዮርክ የገቡት ዩናይትድ ስቴትስ በተባለችው መርከብ ነው። ይህች መርከብ በ1944 ዓ.ም. በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ የፍጥነትን ክብር ወስዳ ነበር። በ18 ዓመት ውስጥ የስደት ጉዞም የክብር ጉዞም በመስመር መርከብ ተደረገ ማለት ነው።

ነገር ግን ዘመኑ ተለወጠ። በመስከረም 1951 ዓ.ም. ጄት አውሮፕላኖች መንገደኛን ከአትላንቲክ ማዶ ማመላለስ ጀመሩ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1955 ዓ.ም. የጄት ባለቤት ሆነ። የአራት ቀን መንገድ የሰዓቶች መንገድ ሲሆን የመስመር መርከብ ሥራ አጣ። ዩናይትድ ስቴትስም በ1962 ዓ.ም. ከሥራ ወጣች፤ ለብዙ ዓመታት ቆማ ከኖረች በኋላ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ባሕር ውስጥ ሰጥማ የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ተወስኖ ከፊላደልፊያ ተጎትታ ሄደች።

የሽርሽር መርከብን ግን አውሮፕላን አልጎዳውም፤ እንዲያውም እንግዶቹን እስከ ወደቡ ያመጣለታል። የዚህ ዓይነት ጉዞ የቆየ ነው። በጥር 1883 ዓ.ም. አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለች የጀርመን የመስመር መርከብ በክረምት መንገደኛ ሲያንስ ሀብታሞችን ይዛ ሜዲትራንያንን ዞራ ነበር። ዛሬ ከ360 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያላቸው የሽርሽር መርከቦች ሲኖሩ፣ በሥራ ላይ ያለችው እውነተኛ የመስመር መርከብ ግን በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው ኩዊን ሜሪ 2 ብቻ ናት።

እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ትልቅነትም ውበትም አይደለም። አንዱ የተሠራው ለመድረስ ነው፤ ሌላው የተሠራው ለመዞር ነው። መዝናናት የሚነቀፍ ነገር ባይሆንም፣ በ1928 ዓ.ም. የአገራችን አቤቱታ ባሕር ተሻግሮ ከዓለም ሸንጎ ሲደርስ የመጨረሻውን የባሕር መንገድ የፈጸመው በቀኑ ተነሥቶ በቀኑ በሚደርስ የመስመር መርከብ መሆኑን እኛ ተማሪዎች ልናስታውሰው ይገባናል።