ኪዳነ ምሕረት የትኛው ኮረብታ ነው?

በ1970ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ ጂኦግራፊ ስማር የመጀመሪያው የካርታ ትምህርት የተሰጠን በካርታ አልነበረም። መምህራችን ግራ እጃቸውን ጨበጡና በቢክ እስክሪብቶ በአንጓዎቻቸው ዙሪያ መስመር ያሠምሩ ጀመር፤ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያ በታች። «ይኸው ተራራ» አሉና እጃቸውን ዘረጉት። ተራራው ጠፋ። የቀረው በተዘረጋ እጅ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ ክብ መስመር ነው። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ገደል፣ የተራራቁበት ሜዳ። ኮንቱር የሚባለው ይኸው ነው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል እንጂ ስንቱን ተማሪ አስለቅሷል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። አንዱ የካርታ ቅጠል 15 ደቂቃ ኬክሮስና 15 ደቂቃ ኬንትሮስ፣ ማለትም በየአቅጣጫው 27 ኪሎ ሜትር ያህል አገር ይይዛል። በሁለት ነጥቦች መካከል የወረቀት ቁራጭ አስጠግተን፣ ኮንቱሩ የነካውን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርገን፣ ከፍታውን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ስናወጣው ሸለቆው ብቅ ይላል። የወንዝ ርዝመት የምንለካው በምራቅ ባራስነው ክር ነበር። (ከዓመታት በኋላ በሰው አገር የከተማ ካርታ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ታክሲ ስነዳ ያ ትምህርት እንጀራዬ ሆኗል። ዛሬ ስልክ የሚመራቸው ልጆች ይህን አያውቁትም።)

የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን አትላስና እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመውን የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሐፋቸውን እያገላበጥን ያደግን ተማሪዎች ነን። ሆኖም ካርታው ራሱ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ጊዜ ወስዶብናል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል አሜሪካኖች ያካሄዱት ቅየሳ ነው መሠረቱ። የልኬቱ መነሻ ነጥብ አዲንዳን ይባላል። ቦታው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም፤ ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ከዋዲ ሃልፋ ብዙም ሳይርቅ ነው። በእነዚያ ካርታዎች ላይ የኮረብቶቻችን ቦታ የተቆጠረው ከዚያ ተነሥቶ ነበር።

ልኬቱ በመሣሪያ ይገኛል። ስሙን ግን ከሰው አፍ እንጂ ከየትም አታገኙትም። ይህን የተማርኩት ለመስክ ሥራ ከእንጦጦ ጀርባ በወረድን ጊዜ ነው። አንዲት ትንሽ ወንዝ ካርታችን ላይ ማግባት ነበረብን። ከላይ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ አንድ ስም ነገሩን። ከታች ውኃ ቀድተው የሚወጡ እናት ደግሞ ሌላ ስም ሰጡን። እኔ ብልጥ ነኝና ለመጻፍ የሚያጥረውን መርጬ አስገባሁ። መምህሩ ወረቀቱን አዩና «ልጄ፣ በዚህ ዓይነት ስሕተት ጦር አልቋል» አሉኝ። ከዚያ የነገሩን የዓድዋን ነገር ነው።

የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ፣ 1888 ዓ.ም.። ጄኔራል ባራቲዬሪ ከሳውሪያ ተነሥቶ ጦሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ በጨለማ ያንቀሳቅሳል፤ በግራ አልቤርቶኔ፣ በመሐል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ። ኤሌና ተጠባባቂ ሆኖ ከኋላ ይከተላል። ለጄኔራሎቹ የታደላቸው በእጅ የተነሣ ንድፍ ነበር። አልቤርቶኔ በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል። ሊነጋ ሲል ንድፉ ያመለከተው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን የአገሩ ሰዎች ናቸውና ይህ ኪዳነ ምሕረት አለመሆኑን፣ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት፣ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ መሆኑን ነገሩት።

እስቲ በእሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። መሪዎቹ አልዋሹም፤ ስሙ የእነሱ ነው። ባራቲዬሪ ያሰበውም ቦታ አልቤርቶኔ የቆመበት ኮረብታ ነበር፤ በቦታው በኩል ንድፉ ልክ ነው። የተሳሳተው በኮረብታውና በስሙ መካከል ያለው ማሰሪያ ብቻ ነው። ትእዛዙ ደግሞ የተጻፈው በስም ነው። አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ወደፊት ሄደ።

ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። የቀሩት ዓምዶች በጣም ርቀውታል። ሊደግፈው የሚገባው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወርዶ ከሌሎቹ ተለየ። ረፋዱ ላይ የግራው ክንፍ ተሰበረ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ። ባራቲዬሪ አስመራ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ።

ሽንፈቱን በሙሉ በካርታው ማመካኘት የሚወድ አለ። ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። ከየአገሩ ተጠርቶ የተሰበሰበው ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት 17 ሺህ የሚሆነውን ጦር የገጠመው በካርታ ስሕተት ምክንያት አይደለም። ንድፉ ያደረገው ጠላትን ነጣጥሎ ማቅረብ ነው።

ይህ ስም ሳይጠየቅ ሲቀር የሚሆነው ነው። ሲጠየቅ የሚሆነውንም ታሪካችን ያውቀዋል። ከዓድዋ 200 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ ያልረገጠው ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ የአገራችንን ካርታ አሳትሟል፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1683 ነው። ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተዋውቆ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጎታ ድረስ አስመጣቸው። ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፍ የወሰደው ብዙ ነው፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ወንዙና ስለ ቋንቋው ግን ቁጭ ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነው። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ካርታውን አላዩትም።

የእኛን ወንዝ በተመለከተ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን ወጣን። ሽማግሌው የላዩን እንጂ የታቹን ስም አላውቅም አሉ። እናትየዋ ግን ይዘውን ሄዱና አንዲት ጽድ አሳዩን፤ ስሙ የሚለወጠው ከእሷ ሥር ነው አሉ። ሁለቱንም ስም ጻፍኩ፣ ጽዷንም ነጥብ አድርጌ አስገባሁ። ከ20 14 አገኘሁ። የተቀነሰው ስድስቱ ለኮንቱሩ ነው።