የጨዋታ መዝገበ ቃላትና የቃል ፍች

መዝገበ ቃላት የሚዘጋጀው ፍችን ለሚሻ አንባቢ ነው። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ግን ከፍች ይልቅ የቃሉን መኖር ብቻ ለሚጠይቅ ተጠቃሚ የተሰናዳ ሥራ እናገኛለን፤ ይኸውም ስክራብል ለተባለው የቃላት ጨዋታ የወጣው መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመዝገቡን አመጣጥና ለቃላት አጥኚ የሚሰጠውን ትምህርት እንመለከታለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ማጣቱ ነው። በጋዜጣ ገጾች ላይ የፊደላትን ድግግሞሽ ቆጥሮ ለሚዘወተረው ፊደል ዝቅተኛ፣ ለብርቁ ከፍተኛ ነጥብ መደበ። ስለዚህ «ኢ» 1 ነጥብ ሲያስገኝ «ኪው» 10 ያስገኛል። በ1948 ጄምስ ብሩኖት ስክራብል የሚለውን ስም ሰጥቶ ለገበያ አቀረበው። የትኛው ቃል ተቀባይነት እንዳለው የሚዳኝ መዝገብ በማስፈለጉም፣ በ1978 የሜሪያም አሳታሚ ድርጅት ከ5 የአሜሪካ መዝገበ ቃላት የተውጣጣ ይፋዊ መዝገብ አወጣ። አንድ ቃል ለመግባት ከ5ቱ በአንዱ መገኘቱ ይበቃው ነበር። መዝገቡ ፍችን በአጭር ሐረግ ይጠቁማል፤ ሥርወ ቃልን ግን አይሰጥም።

ተጫዋቾች አጥብቀው የሚሹት እንግዳ ቃላትን ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ኪው» ዘወትር «ዩ»ን ስለሚያስከትል፣ ያለ «ዩ» የሚጻፉ ቃላት ብርቅ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከዐረብኛ የተወሰደው «ቃት» ነው፤ እርሱም የእኛው ጫት ሲሆን በ3 ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቧል። ጤፍም ከአማርኛ ሄዶ በ2 ዓይነት አጻጻፍ ገብቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው «ብር» ነው። እንግሊዝኛ ከጥንታዊ ኖርዲክ የወረሰውና የነፋስን ኃይል ወይም የሚያጉረመርም ድምፅን የሚገልጽ «ቢር» የሚባል ቃል ነበረው። የኢትዮጵያ ገንዘብ ስም ሲገባ ሁለቱ በፊደል አንድ ሆኑ። ይሁን እንጂ የእኛው «ብር» የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር ምልክት ብቻ አልያዘም፤ «ብሮች» የሚለው ቅርጽ ራሱ በ8 የላቲን ፊደላት ተጽፎ በመዝገቡ ይገኛል። የአማርኛ ሰዋስው ቅጥያ እንዲህ በባዕድ መዝገብ ሰፍሯል፤ የሚጠቀምበት ተጫዋች ግን ቅጥያነቱን ማወቅ አያስፈልገውም።

ፍችና ቅርጽ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ በ2015 በጉልህ ታይቷል። ናይጄል ሪቻርድስ የተባለው የኒውዚላንድ ተወላጅ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የቃላቱን ዝርዝር በማጥናት ብቻ የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል።

ለጨዋታ ይህ ነውር አይደለም። ለተርጓሚና ለስያሜ አውጪ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምንጩና ፍቹ ያልተመረመረ የቃላት ዝርዝር፣ ምንም ያህል ቢረዝም፣ ለነጥብ እንጂ ለመግባባት አያገለግልምና።