የዐምደ ጽዮን ግጥሞችና የዛሬ ዘፈን፦ ጥንታዊ የአማርኛ ቅኔያዊ ሥራን በይፋት ለማስተማር

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ አሊጊየሪ በ1321 ሲያርፍ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከነገሡ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ»ን በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ገጠመ። በእኛም አገር ጽሕፈት የግእዝ በነበረበት ዘመን የንጉሡን ድል የሚያወድሱ የአማርኛ ግጥሞች ተደረደሩ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢኛዚዮ ጉዊዲ እነዚህንና የኋለኞቹን ነገሥታት ግጥሞች በ1889 አሳትሟቸዋል።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዳንቴን በፊልምና በቪዲዮ ጌም የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። ለእኛ ተማሪ ቅርቡ መንገድ ፉከራ፣ ቀረርቶና ዘመናዊ ዘፈን ነው። በ2012 የወጣው የድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን «ጥቁር ሰው» የተሰኘ ዘፈን ዐፄ ምኒልክንና የዐድዋን ድል ያወድሳል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ዘፈኑ ጀግናውን እንዴት እንደሚጠራ፣ የትኛውን ቦታ እንደሚያነሣ፣ ምን እንደሚደጋግም ይመዝግቡ፤ ከዚያ በቃላት መፍቻ እየታገዙ ጥንታዊውን ግጥም በእነዚሁ ጥያቄዎች ይመርምሩ።

የትምህርቱ ፍሬ ያለው ግን ከመመሳሰሉ ይልቅ በልዩነቱ ላይ ነው። የዛሬው ድምፃዊ የሚያወድሰው ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ የሆነውን ንጉሥ ነው፤ የሚያደምጠውም ሕዝብ ነው። የጥንቱ ውዳሴ ግን በሥልጣን ላይ ላለ፣ መሸለምም መቅጣትም ለሚችል ንጉሥ የቀረበ ነው። አንዱ መታሰቢያ ሲሆን ሌላው የቤተ መንግሥት አገልግሎት ነው። ይህን የለየ ተማሪ ግጥምን ከታሪክ ማስረጃነት አንጻር መመዘን ይጀምራል።

ይህ ምዘና በይፋት የበለጠ ያስፈልጋል። ዐምደ ጽዮን በ1332 የዘመቱት በሙስሊሙ የይፋት ሱልጣኔት ገዥ በሰብረዲን ላይ ነበር። ውዳሴው የአሸናፊውን ወገን ብቻ ይናገራል፤ በዛሬው ይፋት ያሉት የጀውሃና የሸዋ ሮቢት ከተሞች ተማሪዎች ግን የሁለቱም ወገን ወራሾች ናቸው። ስለዚህ ከግጥሙ ጎን ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ይፋት የጻፈው ይነበብ፤ በአካባቢው ያለው የኖራ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ይጎብኝ፤ ተማሪዎች ከቤታቸው የሚያውቁት መንዙማም (የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ) ውዳሴ ሌላ መልክና ሌላ ዓላማ እንዳለው ያሳይ።

ዘፈን ክፍሉን ስላሟሟቀ ብቻ ትምህርት ተሰጠ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፈተናው ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየውን ጥንታዊ ግጥም፣ ያለ ዘፈን እገዛ፣ አንብቦ ማን ለማን ለምን እንደተናገረ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ መሆን አለበት።